«ስንት ቀን ይሆነዋል?»

ዛሬ ከሰዓት፣ ድሬዳዋ በሙቀት ጭር ባለችበት ሰዓት፣ አንዲት መርማሪ ፖሊስ የሐኪም ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዛ መጣች። አንብቤ ሳልጨርስ «ዶክተር፣ ምቱ ስንት ቀን ይሆነዋል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ አንድ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዕድሜውንና ሰፈሩን አልጽፍም። ያመጡት ጎረቤቱ ናቸው። ሸሚዙን ሳወልቅለት ጀርባው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጋደሙ መስመሮች አየሁ፤ መሃላቸው ገርጣ፣ ዳርና ዳራቸው የበለዘ። ዱላ በኃይል ሲያርፍ ደሙን ወደ ግራና ቀኝ ስለሚገፋው እንዲህ ያለ ምልክት ይተዋል። ወድቆ የተጋጨ ልጅ ጉልበቱና ቅልጥሙ ይበልዛል እንጂ ጀርባው እንዲህ አይሰመርም።

ይህን ሁሉ እያየሁ «ከቀለሙ እንደሚታየው ከ3 እስከ 4 ቀን የሆነው» ብዬ ጻፍኩ። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ። ተጠርጣሪው በእነዚያ ቀናት ጅግጅጋ እንደነበር ሰው ቆጥሮ አስመሰከረ። ጉዳዩ በዚያው ቀረ። የበለዘ ቦታ ዕድሜው ከቀለሙ በትክክል አይታወቅም፤ በአንድ ቀን የተመቱ ሁለት ቦታዎች እንኳ የተለያየ ቀለም ይይዛሉ። እኔ ግን ማንም ያላስገደደኝን ቁጥር ሰጠሁ። ልጁ ወዴት እንደተመለሰ ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

አሁን ቦታውን፣ ቅርጹንና በመለኪያ ሜትር የለካሁትን ርዝመት እጽፋለሁ። ልጁ ያለውን ራሱ በተናገረበት ቋንቋ አሰፍራለሁ፤ እዚህ ልጅ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ሊጨርስ ይችላል። «ከቀለሙ ቀኑን መወሰን አይቻልም» የሚለውንም በግልጽ እጽፋለሁ። ከዚያ መርማሪው ጋ እደውላለሁ፤ ወረቀት ብቻውን ሲላክ እንደየአንባቢው ይተረጎማልና።

ለማን እንደሚነገር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የዚያን ልጅ ጎረቤት ኮሪደር ላይ እጄን ይዘው «አደራ ልጄ፣ ምን አገኘሽበት?» ሲሉኝ አንጀቴ ተላወሰ። በጀርባቸው አዝለው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሆኖም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት ያስቀጣል፤ ባያስቀጣ እንኳ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የልጁ ገመና ከቡና ቡና መዞር የለበትም። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ ብቻ ነገርኳቸው። «በቴሌግራም ፎቶውን ላኪልኝ» የሚለኝ ባለሙያም ቢሆን አልክለትም፤ በታሸገ ፖስታ፣ ፈርሞ ይወስዳል። ለልጁ ግን ያየሁትን ሁሌም እነግረዋለሁ፤ ገላው የራሱ ነው።

የዛሬዋን መርማሪ «ቀኑን ልነግርሽ አልችልም» አልኳት። ዝም ብላ ደብዳቤውን አጠፈች። ከዚያ መልሳ ዘረጋችውና፣ «እሺ፤ ከደረጃ ወድቆ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል?» አለች።

ወንበር ሳብኩላት።