በ94 ዲግሪ ውሃ የተፈረደበት ቴርሞስታት

መኪናዋ በመጋቢት ወር ወደ ጋራዣችን ስትመጣ ሹፌሩ ያቀረበው አቤቱታ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ ዳገት ላይ ሙቀት ታበዛለች፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የራዲያተሩ ውሃ እየተንተከተከ ወደ ፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ይገፋል የሚል ነበር። ባለ ሁለት ጋቢና የናፍጣ ፒክአፕ ስትሆን፣ ከጅማ ዙሪያ ቡና እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ የአንድ ነጋዴ ንብረት ናት። በአዘቦቱ ቀን ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ናሙና ታመላልሳለች፤ አንዳንዴም ጭነት ይዛ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአዲስ አበባ መንገድ ትሄዳለች።

የቬንትሌተሩን ቺንጋ አየሁ፤ ደህና ነው። የራዲያተሩን ፊት የሸፈነውን አቧራና ገለባ አስነፋሁ፣ የውሃ ፓምፑም እንደማያንጠባጥብ አረጋገጥኩ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ጎማውን በዓይኔ አየሁት፤ ያልተቀደደ ስለ መሰለኝ መልሼ ገጠምኩት። አንባቢ ይህን ክዳን ልብ ይበልልኝ፤ ቆይተን እንመለስበታለን። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬዬ ሁሉ ቴርሞስታቱ ላይ አረፈ።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚቆም በር ነው። በሆዱ ውስጥ ባለች ትንሽ የናስ ቀፎ ሰም ታጭቋል፤ ሰሙ በተወሰነ ሙቀት ሲቀልጥ ይሰፋና ዘንግ ይገፋል፣ በሩም የስፕሪንጉን ጉልበት አሸንፎ ይከፈታል። ከመኪናዋ ያወጣሁት ላይ 88 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፤ የሞተሩ ማንዋል ደግሞ ከ86 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መሀል መከፈት መጀመር፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር መከፈት እንዳለበት ይናገራል። እኔም ጋራዥ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ እንደማደርገው ድስት ውስጥ ውሃ ጥጄ፣ ቴርሞስታቱን የድስቱን ወለል እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥዬ ጠበቅሁ። ውሃው መንሾክሾክ ሲጀምር በሩ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ውሃው እየተገለባበጠ ሲፈላ ግን ከዚያ በላይ መንቀሳቀሱን አቆመ፤ በካሊፐር ብለካው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው፣ በ100 ዲግሪ 8 ሚሊ መሆን የነበረበት 4 ሆኗል፣ ስለዚህ ሞቷል ብዬ ፈረድኩበት። ይህን ለማለት ቴርሞሜትር አላስፈለገኝም፤ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁና።

በከተማው ባሉ የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ብጠይቅ ለዚያ ሞተር የሚሆን ቴርሞስታት አልተገኘም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ይፈልጋል፣ ባለ ንብረቱ ደግሞ ቸኩለዋል። እኔም በየጋራዡ የሚባለውን አባባል፣ «ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው፣ እኛ አገር ባይኖርም ችግር የለውም» የሚለውን ለእሳቸው ደግሜ፣ የቴርሞስታቱን ቤት ባዶውን ዘግቼ መኪናዋን ሸኘሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንኳ ቅንጣት ጥርጣሬ እንዳልነበረኝ መሸሸግ አልፈልግም።

ሁለት ወር ያህል ሹፌሩ ሲያገኘኝ ሁሉ አመሰገነኝ። የሙቀት ጌጁ መርፌ ከታችኛው መስመር ብዙም አትነሳም። ናፍጣ ትንሽ መጨመሯንና ጠዋት ጠዋት ጭሷ መብዛቱን ጣል አድርጎ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን በነዳጁ ጥራት አሳብቤ አለፍኩት። ውሃው ያለ ከልካይ ሁልጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ሞተሩ በሚገባው ሙቀት ላይ ሳይደርስ እንደሚውል፣ የቀዘቀዘ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን በወጉ እንደማያቃጥል አስቤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያኔ በተያዘ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ መኪናዋ ጭነት ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወጣች። የመንገዱን አቀማመጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአበልቲ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ይወረዳል፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣው ረጅም ዳገት ይጠብቃል። ሹፌሩ እንደነገረኝ፣ ዳገቱን እንደጀመረ ለሁለት ወር ያልተነሳችው መርፌ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ላይ ወጣች፤ ጥግ ይዞ እስኪያቆም ድረስም ነጭ እንፋሎት ከኮፈኑ ሥር ይወጣ ነበር። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች። ስንፈታት የቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነው ብረት፣ ጋስኬት (ማሸጊያው) በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ተበልቷል፣ ቴስታታውም ጠመም ብሏል።

የሚቀዘቅዝ ሞተር እንዴት ጊቤ ላይ ተቃጠለ የሚለው እንቅልፍ የነሳኝ በዚያ ሌሊት ነው። በማግሥቱ የቴርሞስታቱን ቤት ከፍቼ በባትሪ መብራት ስመረምር ከወለሉ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አየሁ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት በር አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የላይኛው ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፣ ውሃውም በዚህች ቀዳዳ አቋርጦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ላይኛው ይከፈትና ከሥሩ ያለችው ዝርግ ሳህን ወርዳ አቋራጩን ትደፍናለች። እኔ ቴርሞስታቱን ሳወጣ ደፋኙንም አብሬ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ከሞተሩ የወጣው የፈላ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ በአቋራጩ ዞሮ ይገባ ነበር። በጅማ ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ የቀረው ውሃ በራዲያተሩ በኩል መዞሩ ይበቃዋል፤ በጊቤ ሐሩር፣ ከነጭነቱ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ግን አልበቃውም።

ቴስታታው ፊቱ ተስተካክሎ እስኪመለስ ድረስ አዲሱ ቴርሞስታት ከአዲስ አበባ ደረሰልኝ። በዚያ ወቅት ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ለተግባር ልምምድ የመጣ አንድ ልጅ አብሮን ይሠራ ነበርና፣ ከመግጠማችን በፊት እንዴት እንደሚሞከር ላሳየው ድስቱን ጣድኩ። አዲሱም 4 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ቆመ። አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ለነጋዴው ለመደወል ስልኬን ስፈልግ፣ ልጁ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቴርሞሜትር አምጥቶ ድስቱ ውስጥ ሰቅሎ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ውሃው እየፈላ 94 ላይ ቆሟል» አለኝ።

ሌላ አስመጣሁ። እሱም ከ94 ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ከአንድ ሱቅ የተገዙ ናቸውና ሁለቱንም ረገምኳቸው። የነጋዴው ቡና ቀማሽ የሆነች ወጣት መኪናዋ ውስጥ የቀሩ የናሙና ከረጢቶችን ልትወስድ መጥታ ከበር ላይ ቆማ ታዳምጠን ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቴርሞሜትሮቹ ደህና ናቸው» አለች። «ጅማ ላይ ውሃ ከዚህ በላይ አይሄድም። ለቅምሻ የምናፈሰው ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ባሕር ዳርቻ ያሉ ቀማሾች ካፈሉ በኋላ እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ እኛ እንደፈላ ወዲያው ነው የምናፈሰው።»

ለአፍታ ያህል የምመልሰው ጠፋኝ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ሒሳቡ 94 ላይ ያመጣዋል። ሰሙ ግን ከፍታ አያውቅም። ጅቡቲ ወደብ ላይም ሆነ እዚህ በዚያው በ88 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት 100 ዲግሪ የሚፈልገውን ዕቃ 94 ላይ በቆመ ውሃ ብጠብቀው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቀር ምን ያስደንቃል? እኔ የምሞክረው ቴርሞስታቱን ነበር፤ የሞከርኩበትን ውሃ ግን አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም።

የሚቀጥለውን ሙከራ ውጭ በረንዳ ላይ፣ ከእንግዲህ ለምንም በማይውል አሮጌ ጣሳ አደረግነው፤ ኩላንት፣ ማለትም ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ መርዝ ስለሆነ የሰው ማብሰያ ሊነካ አይገባም። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ቀላቅለን ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 100ን አለፈ። አዲሱ ቴርሞስታት 9 ሚሊ ሜትር ተከፈተ። በመጋቢት የፈረድኩበትን አሮጌውን ከመሳቢያ አውጥቼ አጠገቡ ሰቀልኩት፤ እሱም 9 ሚሊ ሜትር ተከፈተ።

እንግዲያው መጀመሪያውኑ መኪናዋን ያፈላት ምን ነበር? የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ከሌላ ጋራዥ ተውሼ ያንን በዓይኔ ብቻ አይቼ ያለፍኩትን ክዳን ገጠምኩበት። ክዳኑ ላይ 0.9 ተጽፏል፤ ያም 0.9 ባር ግፊት ይዞ መቆየት አለበት ማለት ነው፤ ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ዲግሪም ይጨምራልና። 0.3 ላይ ሲደርስ ፉጨት አሰምቶ ለቀቀ። የጅማ አየር ግፊት ከ0.82 ባር ብዙ አይርቅም፤ ደህና ክዳን 0.9 ሲጨምርበት ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በደከመው ክዳን ግን በ103 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሞተር ደግሞ ያ ሩቅ ቁጥር አይደለም። ባሕር ዳርቻ ያለች መኪና በተዳከመ ክዳንም እንኳ ከእኛ ይልቅ 4 ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ ይተርፋታል፤ ከፍታ ላይ ያለነው እኛ እሱን አስቀድመን አጥተነዋል። በረዶ የለንም እያልን ኩላንት ትተን የቧንቧ ውሃ የምንሞላው ነገር ስሕተቱ የሚታየኝ አሁን ነው፤ ኩላንት ከዝገትም ይጠብቃል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

ለባለ ንብረቱ ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው። ቴስታታውን ያስተካከልንበትንና የጋስኬቱን ሒሳብ እኔ ቻልኩ፤ እሳቸው የአዲሱን ቴርሞስታት፣ የክዳንና የኩላንት ከፈሉ። «የቀማሿን የሙያ ክፍያስ?» ብለው ሲስቁ ግን ለመሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ዓይኔ መሳቢያው ላይ ነበር። በዚያ መሳቢያ ውስጥ በዚያው ዓመት በዚያው ድስት የፈረድኩባቸው ሌሎች አምስት ቴርሞስታቶች ነበሩ።

ማታ ልጁና እኔ አምስቱንም በጣሳው ሞከርናቸው። የአንዱ ሰም ፈስሶ አልቋል፣ ጨርሶ አይከፈትም። አራቱ ጤነኞች ናቸው። የመኪኖቹን ባለቤቶች ከደብተራችን ላይ ፈልጌ ደወልኩ፤ ሦስቱ በሳምንቱ ውስጥ መጥተው ተገጠመላቸው። አራተኛዋ መኪና ወደ ቦንጋ በኩል ተሽጣለች አሉኝ። የገዛት ሰው ስልክ እስካሁን አልተገኘልኝም፣ ቴርሞስታቷም በስም ተጽፎበት መሳቢያው ውስጥ አለ።