የ104ቱ ቀሚስ

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ ስፌት ቤት አንዲት እናት ለልጇ ክርስትና ልትለብሰው ያዘዘችው የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ሕፃኗ ሴት ስለሆነች ክርስትናው በሰማንያ ቀኗ ነው። እናትየዋ የተለካችው በወለደች በ50ኛው ቀን ሲሆን፣ ቀሚሱን ልትሞክር የመጣችው ክርስትናው 5 ቀን ሲቀረው ነው። የጀርባው ዚፕ ያለ ችግር ተዘጋ፤ ሁሉም እፎይ አለ።

መስታወቱ ፊት ስትቆም ግን ሌላ ነገር ታየ። ወገቧ ላይ የዞረው ጥለት ከኋላ ቦታውን ይዟል፣ ከፊት ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተሰቅሏል። ከጡቷ ወደ ጎን ወገቧ ገደድ ብለው የሚወርዱ ጭምድዶች አሉ። ጀርባዋ ላይ ጨርቁ ተርፎ አየር ይዟል፣ አንገቱ አፉን ከፍቷል፣ እጇን ስታነሳ ቀሚሱ ሁለመናው አብሮ ይነሳል። በአንድ ልብስ ላይ ፊቱ ጠቦ ኋላው ሰፋ ማለት ነው።

ጨርቁን የቆረጠው ተለማማጅ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የቀሚሱን ደረት ዙሪያ ለካ። 110 ወጣ። የእሷ 104 ነው፤ 6 ሴንቲ ለመተንፈሻ።

«ጋሼ፣ ልኩ'ኮ ልክ ነው» አለው ዋናውን ልብስ ሰፊ። ውሸቱን አልነበረም።

ደብተሩ ላይ የነበሩት አምስት ልኮች ብቻ ናቸው፦ ደረት 104፣ ወገብ 86፣ ዳሌ 110፣ ትከሻና ቁመት። የቀረውን ሁሉ ቤቱ በለመደው ቀመር ከደረት ነው ያወጣው። የብብት ጥልቀት፣ ደረት ለ6 ተካፍሎ 7 ሲደመር፣ 24.3 ሆነ። ግማሽ ጀርባ፣ ደረት ለ8 ተካፍሎ 5.5 ሲደመር፣ 18.5። የአንገት ስፋት፣ ደረት ለ12፣ 8.7። ከዚያ 110ን ለአራት አካፍሎ ለፊትም ለኋላም 27.5፣ 27.5 ሰጠ።

ቀመሩን መውቀስ አይገባም። ለብዙ ሰው ይሠራል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ያልተጻፈ ግምት አለ፦ ከጡት በላይ በብብት ሥር የሚዞረው ልክና በጡት ጫፍ የሚዞረው ልክ የሚለያዩት በ5 ሴንቲ ያህል ነው ብሎ ያስባል። ይህች ሴት የምታጠባ እናት ናት። ከጡት በላይ ስትለካ 92፣ በጡት ጫፍ 104፤ ልዩነቱ 12 ነው። አጥንቷ፣ ማለትም አንገቷ፣ ጀርባዋና ብብቷ፣ የ97 ሴት ነው (92 ላይ 5 ሲደመር)። በ97 ቢሰላ የብብቱ ጥልቀት 23.2፣ ግማሽ ጀርባው 17.6፣ አንገቱ 8.1 ይሆን ነበር። ጡት ሲያድግ የአንገት አጥንት አብሮ አይሰፋም፤ ቀመሩ ግን አብሮ ያሰፋዋል።

ዋናው ሰፊ እንደገና ለካት። መጀመሪያ ወገቧ ላይ ቀጭን ላስቲክ አሰረ፤ ወገብ የቱ ጋ እንደሆነ ሰውነቷ ራሱ እንዲናገር፣ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ተቀበለ። ቀጥሎ ከሁለቱም ብብት መሀል ክር አንጠልጥሎ ጎኗን ለየና የፊቱንና የኋላውን ዙሪያ ለየብቻ ወሰደ፦ ከክር እስከ ክር ፊት 56፣ ኋላ 48። ድምሩ ያው 104 ነው። ፊትና ኋላ እኩል ሲከፈሉ ፊቷ 4 ሴንቲ ተነጥቆ ለኋላዋ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ዙሪያውን የሚለካ ሜትር ይህን መቼም አያሳይም። ከአንገት ሥር ትከሻ በጡት ጫፍ አልፎ እስከ ላስቲኩ 47.5 ሆነ፤ ፓተርኑ ላይ፣ ማለትም ጨርቁ በተቆረጠበት የወረቀት ቅርጽ ላይ፣ ያለው 44 ነበር። የተሰቀለው ጥለት ይህ 3.5 ነው። ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ 20፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ 29። ሁሉንም የለካት በዚያን ቀን በምታደርገው ጡት መያዣ ላይ፣ ሳታጠባ በፊት ነው፤ ካጠባች በኋላ ልኩ ይቀንሳልና ትልቁን መያዝ ይሻላል።

በመሀል «እህቴ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ልጅቷን በየት በኩል ልታጠቢያት ነው?» ሲላት እሷም ሳቀች። ዚፑ በጀርባ ብቻ ነበር። ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የቀሚሱን ፊት በ97 እንደገና በካኪ ወረቀት ላይ ሣሉት። 97 ላይ 6 ሲደመር 103፣ ሩቡ 25.75። ከእውነተኛው ዙሪያ የጎደለው 7 ሴንቲ ስለሆነ በግማሽ ፊት ላይ 3.5 መግባት አለበት። ጎን ላይ ዝም ብሎ መጨመር ግን ብብት ሥር ጨርቅ ከማከማቸት በቀር ጡት ላይ አይደርስም። ስለዚህ ወረቀቱ ከወገቡ ፔንስ (ልብሱ ሰውነት እንዲከተል ሾጠጥ ተደርጎ የሚሰፋ እጥፋት) መሀል ቀጥ ብሎ እስከ ጡት ጫፍ፣ ከዚያ ገደድ ብሎ ወደ ብብቱ ኩርባ ታችኛው ሲሶ ተቆረጠ፤ ጫፉ ላይ እንደ ማጠፊያ ትንሽ ሳይቆረጥ ቀረ። ሌላ ቁርጥ ከጎን እስከ ጡት ጫፍ። ቁርጡ ጡት ጫፍ ላይ 3.5 እስኪሆን፣ ከዚያ በታችም ሁለቱ ጠርዞች ትይዩ እንዲሆኑ ተከፈተ። ጎን ላይ የተፈጠረው ክፍተት አዲስ ፔንስ ሆነ። የጎኑ ክፍል ወደ ታች ስለሚረዝም የመሀል ፊቱም ተቆርጦ እኩል እስኪሆን ወረደ፤ ከዚያ ርዝመቱ ከ47.5 ጋር ተመሳከረ። ግማሽ ፊቱ 29.25 ሆነ። በክር የተለካው 28 ላይ 1.5 መተንፈሻ ሲጨመር 29.5 ነውና ሩብ ሴንቲ ማንም አይጣላበትም። ሁለቱም ፔንሶች ከጡት ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሲቀር እንዲያልቁ ተደረገ፤ ጫፉ ድረስ ከተሰፉ ልብሱ እንደ ቀንድ ይሾላል።

ይህ መጀመሪያ በአቡጀዴ ተሰፋ፣ በረጃጅም ስፌት፣ በቀላሉ እንዲተረተር። አቡጀዴ እንደ ሽመናው አይለመጥም፤ ግን ስህተትን ሳይደብቅ ያሳያል። ወገቡ ግማሽ ሴንቲ ከመውረዱ በቀር ተቀመጠላት።

አስቸጋሪው ጨርቁ ነበር። ሸማኔው በልክ ሠርቶ የላከው ሌላ ትራፊ የለውም፣ የተቆረጠው ደግሞ ለስፌት 1 ሴንቲ ብቻ ነው የተተወለት፤ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ጠርዙ ስለሚፈታ ከዚያ ላይ የሚለቀቅ ነገር የለም። አዲሱ ፊት ከታችኛው ሽብሽብ የኋላ ክፍል ተወሰደ። በዚህኛው ጎኑ ላይ ለስፌት 2.5 ሴንቲ ተተወ፣ መሀል ፊት ጥለቱ ሥር ደግሞ 25 ሴንቲ ድብቅ ዚፕ ገባ። የኋላው ከ27.5 ወደ 25.75 መውረድ ነበረበት፦ 0.6 ከመሀል ጀርባ ስፌት፣ 1.15 ከጎን። ከመሀል የተወሰደው አንገቱንም አጠበበው። የብብቱ ጥልቀት ግን አንዴ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ አይመለስም። ብብት ሥር 6 በ6 የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ገብቶ ተሰፋ፣ እጇንም እንደ ልቧ አነሳች።

ልትወስደው የመጣች ቀን እናቷ አብረው ነበሩ። ዞር ዞር ብለው አዩዋት፣ ጥለቱን በጣታቸው ተከትለው ወገቧን ዞሩና ከኋላ ቆሙ።

«ሽብሽቡ ከኋላ ሳስቷል» አሉ።

ተለማማጁ ወደ ዋናው ሰፊ አየ። «አዎ እማማ፣ ከዚያ ነው የወሰድነው» አላቸው ሰፊው።