ድመቱ፣ ስጋጃዋና ቀዩ ቀለም

ደብረ ብርሃን የተሠራች የሱፍ ስጋጃ አለችን። እማዬ ናት የገዛቻት። መደቧ ነጭ፣ ዳርና ዳሯ ጥቁርና ቡናማ፣ መሐሏ ላይ ደማቅ ቀይ አበባ አለ። ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ የትም አይሄድም። ጣጣ ያለው ቀዩ ላይ ነው። እሱ የተነከረ ነው።

ይህን ያወቅኩት ታናሽ እህቷን፣ አልጋ ሥር የምትነጠፈውን ስጋጃ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ድመታችን ሸናባት፤ እኔም ሳላየው ሁለት ቀን ሰነበተ። ሽታው ሲመጣ በሙቅ ውኃ የዱቄት ሳሙና በጥብጬ በብሩሽ ፈተግኳት። ደቂቃ ሳይሞላ አረፋው ቀላ። ስትደርቅ ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ አረፈው። እማዬ አየችና ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

ለካ ድመቱ ቀድሞ ጀምሮልኝ ነበር። ትኩስ ሽንት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ አሲድነት አለው። ሲቆይ ግን ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል፤ ያኔ ወደ ቤዝ፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ ይዞራል። ብዙዎቹ የሱፍ ቀለሞች ደግሞ የሚይዙት በአሲድ ነው፤ ቤዝ ሲነካቸው ይለቃሉ። የዱቄት ሳሙናም ቤዝ ነው። ሙቀትና ብሩሽ ሲጨመርበት በቃ፣ አለቀ።

ትልቋ ላይ የሸናው ሐምሌ ውስጥ ነው። ጠዋት ስነሳ ገና እርጥብ ነበር። በዚህ ጊዜ እጄን ሰበሰብኩ። አሮጌ ነጭ አንሶላ አጥፌ አስቀመጥኩበትና ቆምኩበት። ሳልፈትግ፣ ዝም ብዬ መቆም ብቻ። አንሶላው ሲርስ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ስጋጃዋን ገልብጬ ከጀርባዋም እንዲሁ አደረግኩ፤ ሽንት ወደ ታች ነው የሚወርደው።

ከዚያ ሙከራ። ከዳር፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ያለች ቀይ ክር መረጥኩ። ጥጥ በቀዝቃዛ ውኃ አርሼ ለ10 ደቂቃ ያህል ጫንኩባት። ጥጡ በስሱ ቀላ። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ በሌላ ክር ሞከርኩ፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ቀረ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ትንፋሼ ተመለሰ። (ጥጡ ጭራሽ ደም ቢመስል ኖሮ እጄን አነሳ ነበር። ያኔ ለባለሙያ ነው።)

በቡና ሲኒ እየቀዳሁ፣ ከእድፉ ዳር ወደ መሐል በትንሽ በትንሹ አፈሰስኩ። ወዲያው በነጭ ጨርቅ መጠጥኩ። አራት ጊዜ ሳልደጋግመው አልቀረሁም። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ፤ ከድመት ሽንት ግን ይሻላል።

ጎረቤቴ በረኪና አምጥታልኝ ነበር። አመስግኜ መለስኩላት። በረኪና ሱፍን ይበላል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለእንስሳት ሽንት ተብለው የሚሸጡትን የኢንዛይም ማጽጃዎችም ተውኳቸው። ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ያለባቸው አሉ፤ ሱፍም እንደ ጠጉራችን ፕሮቲን ነው።

የረሳሁት ማድረቁን ነው። እርጥበት ሲተን ወደ ክሩ ጫፍ ይወጣል፤ የላላውን ቀለምም ይዞት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ እንዲያው ክፍት ተውኳትና ከአበባው ሥር ያለው ነጭ መቅላት ጀመረ። ሮጬ ደረቅ ነጭ ጨርቅ አለበስኳት፣ ጨርቁ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ መጻሕፍት ጫንኩ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ወጣ። በማግስቱ ወንበሮች ላይ ዘርግቼ ከላይም ከታችም ንፋስ እንዲያገኛት ቬንትሌተር ከፈትኩ። ሐምሌ ነውና ሦስት ቀን ፈጀ።

ሽታው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብል እዋሻለሁ። ሱፉ ውስጥ የቀረው ቅሪት አየሩ ሲረጥብ ይሸታል። ዝናባማ ቀን ጎንበስ ብዬ ካሸተትኩ አገኘዋለሁ።

ድመቱን ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ፊኛው ታሞ ኖሯል፤ እኔ ግን በጥጋብ ነው ብዬ ስቆጣው ከርሜያለሁ። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እምቢ ሲለው ለነገ እንደማይባል እዚያ ነገሩኝ። ከታከመ ወዲህ የሚሸናው አሸዋው ላይ ነው።

ከአበባው ሥር አንዲት ጥፍር የምታክል ሮዝ ምልክት ቀርታለች። እማዬ ቡና ስታፈላ ረከቦቱን እሷ ላይ ነው የምታስቀምጠው።