ከቤት ቁልፍ ጋር የመጣች ፎርም

ስደተኞችን በሚቀበል የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ውስጥ የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ግርግር ያውቀዋል። ቤተሰቡ ደክሞ ይደርሳል። ልጆቹ እንቅልፍ አናውዟቸዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ የሚረዱትን ለማየት ጓጉተዋል። ጠረጴዛው ላይ የቤት ቁልፍ፣ የትራንስፖርት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የጤና ፎርም ተደርድሯል። በዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል አንዲት የፎቶ ፈቃድ ፎርም ነበረች። «ምስሌንና ታሪኬን ለማስተዋወቂያ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ» የምትል። ትዝ ባለችኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የኔ ሥራ ቤተሰቦችን ከበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ጋር ማገናኘት ነበር። ፎርሟ የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ናት። ለጋሽ ፎቶ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ፎቶ መኖር አለበት።

አንድ የልጆች አባት ሌላውን ሁሉ ፈርመው እሷ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። አስተርጓሚው አነበበላቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄን ካልፈረምኩ ቤቱ ይቀራል?»

«አይቀርም። ቤቱ የእናንተ ነው።»

«ትምህርት ቤቱስ?»

«እሱም አይቀርም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ ለምን አብሮ መጣ?»

እውነተኛው መልስ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት እምቢ የሚል ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ፊት ለፊታቸው ማለት አቃተኝ። እሳቸው ግን ሳልናገር የገባቸው ይመስለኛል። እናታቸውና ወንድማቸው እዚያው አገር ቤት ቀርተዋል። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት ስደተኛ ማን እንደሆነ ሲወስን የሚነሳው ከፍርሃት ነው፤ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን ወይም በፖለቲካ አመለካከት ሰበብ እንዳይሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት። ሰውየው ከተማ ስለቀየሩ ያ ፍርሃት አይጠፋም። ፊታቸው በአደባባይ ቢወጣ የሚከፍለው እዚያ የቀረው ወንድማቸው ነው።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። እስክሪብቶውን መልሰው አነሱና ሊፈርሙ ጎንበስ አሉ። «ሰው እንዳይቀየም» አሉ። ወረቀቷን ከፊታቸው ሳብኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። «ይህቺን ዛሬ አንፈርምም» አልኳቸው።

ስብሰባው ላይ ጉዳዩ ተነሳ። የክፍሉ ኃላፊ «አላስገደድናቸውም እኮ፣ በአስተርጓሚ ተብራርቶላቸው ነው የሚፈርሙት» አለ። ሰው ካላስገደድከው ፈቅዷል ማለት ነው? የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሚሠራበት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ መሆን አለበት ይላል። በፈቃድ ጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ግልጽ የኃይል ልዩነት ካለ ፈቃዱ አጠራጣሪ ነው። መስጠቱ የቀለለውን ያህል መተዉም መቅለል አለበት። የቤት ቁልፍ በያዘውና በሚቀበለው ሰው መካከል ካለው በላይ የኃይል ልዩነት የት አለ?

የኛ ሥራ ደግሞ በባሕርይው ውለታ ይፈጥራል። በካናዳ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 አምስት ሰዎች ተሰባስበው አንድን የስደተኛ ቤተሰብ ለመቀበል ማመልከት ይችሉ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል የቤት ኪራይና የኑሮ ወጪውን ይሸፍኑ፣ ሐኪም ቤትም ያደርሱ ነበር። በጣም የማከብረው አሠራር ነው። ግን ኪራይህን የሚከፍልልህ ጎረቤት «አንድ ፎቶ እንነሳ?» ሲልህ በየትኛው አፍህ እምቢ ትላለህ?

ኃላፊው ያነሳው አንድ ነጥብ ግን ትክክል ነበር። የከተማው ሰው የማያውቀውን ይፈራል፣ ታሪካቸው ካልተሰማ ፍርሃቱ አይለቅም አለ። እዚህ ላይ አልተከራከርኩትም።

በመጨረሻ ፎርሟ ከመጀመሪያው ቀን ወጣች። ከሦስት ወር በኋላ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ጉዳይ እጁ የሌለበት ሰው እንዲጠይቅ ተወሰነ። እምቢ ያለ ሰው ስም የትም እንዳይመዘገብም ተስማማን። የፈራሚው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። ክፍሉ ይህን እንደ ኪሳራ በሪፖርቱ ጻፈው። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ድሮ ስንፎክርበት የነበረው ቁጥር ከምን እንደተሠራ ነው ያሳየኝ።

ከዚያ አንዲት ወጣት መጣች። ገና በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ገብታ «ለምን እኔን ፎቶ አላነሳችሁኝም?» አለች። ደንቡን አስረዳኋት። ተቆጣች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተደብቄ ነው የኖርኩት። እዚህም ልትደብቁኝ ነው? ስሜም ይውጣ፣ ፊቴም ይውጣ።»

ወገን ወደኋላ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ማንም የለኝም። ይሄ ግን የናንተ ጥያቄ አይደለም» አለች። ሦስት ወር እንድትጠብቅ ለመንኳት። ወደ ፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ፈቀደችላት። ፎቶውን ራሷ መርጣ፣ ጽሑፉን ራሷ አርማ አወጣችው፤ እስካሁንም በኩራት ለሰው ታሳያለች። ሥራ አስኪያጇ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይላላ ትላለች። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ወጣቷ በሩን አንኳኩታ የፈለገችውን ማግኘት ትችላለች። እኚያ አባት ግን አንድ ጊዜ ከፈረሙ በኋላ «ተዉኝ» ብለው ቢሮ የሚመጡ ሰው አይደሉም።