ቲቸር

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ፓርኪንግ ውስጥ አገኘኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር!» አለና ወርዶ አቀፈኝ። ደሴ 11 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ እዚህ ዋሽንግተን መኪና አቆማለሁ። አፈርኩ። ሴት ልጁን ሒሳብ እንዳስቸገራት ነግሮኝ ስልኩን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። እሺ ብዬ ቶሎ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በኤም ስትሪት አለፍኩ። ቁጥር 128 አሮጌ የጡብ ሕንጻ አለ። በፈረንጆቹ 1891 የተከፈተ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሰሞኑን ስለሱ ሳነብ ሰንብቻለሁ። ማዶ ቆሜ አየሁት።

ያኔ ጥቁርና ነጭ ልጅ አንድ ክፍል አይቀመጥም። ጥቁር ምሁር ምንም ቢማር የነጮች ዩኒቨርሲቲ አይቀጥረውም። በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬት የያዘው ካርተር ዉድሰን እንኳ የሚያስተምረው እዚህ ነበር። ለተማሪዎቹ ምን ያለ ዕድል ነው! ለእሱስ?

ልቤ የቀረው ግን አና ጁሊያ ኩፐር ጋ ነው። በባርነት የተወለዱ ሴት ናቸው። በ1902 ርዕሰ መምህር ሆኑ። ለጥቁር ልጅ የእጅ ሙያ ይበቃዋል በሚባልበት ዘመን ልጆቹን ላቲን አስተማሩ፤ ሃርቫርድና ዬል ድረስ ላኩ። በ1906 ከቦታቸው ተነሡ። በ1910 ተመለሱ፤ በተራ የላቲን መምህርነት።

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። አለቃ የነበሩበት ቤት ጠመኔ ይዞ መግባት እንዴት ያለ ነገር ነው? የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ምን ብለው ተነሡ ይሆን?

በ1916 ትምህርት ቤቱ ዳንባር ተብሎ ሌላ ሕንጻ ገባ። እሳቸው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። የወንድማቸውን አምስት የልጅ ልጆች እያሳደጉ፣ በ1925 ከፓሪሱ ሶርቦን ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። 66 ዓመታቸው ነበር።

የኔን ከሳቸው ጋር ማስተያየቴ አይደለም። እኔ ወድጄ ነው የመጣሁት። እነሱ ላይ በር የተዘጋው በገዛ አገራቸው ነው። ግን ያቺን ወረቀት አልጣልኳትም ነበር። ኪሴ ውስጥ ተጨማድዳ አገኘኋት።

ማታ ደወልኩለት። ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ክፍልፋይ ነው ያስቸገራት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም።