የመርፌው ክዳን ቀይ ነበር

የስኳር ሕመም እንዳለብኝ የታወቀው በ2007 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። የማያቋርጠው የውሃ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣቱ፣ ቀሚሶቼ ሁሉ እየሰፉኝ መሄዳቸው፣ ከዚያም ምርመራውና የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆኑ አልዘገይባቸውም። መውጋቱን በሳምንት ለመድሁት። ሆድና ጭን ላይ ቦታ እየቀያየሩ መውጋትን፣ በየማታው እግርን ማየትን፣ ከቦርሳ ስኳር አለመለየትን ያስተማረችኝ ነርስ የነገረችኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ራሴንም ከጠንቃቃ ታካሚዎች እቆጥር ነበር። ይህን የምጽፈው በሰባተኛው ዓመት ስለደረሰብኝ ነገር ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አይደርስብኝም ነበርና።

ነሐሴ 2014 ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ሁልጊዜ ከምገዛበት ቦታ የኢንሱሊን መርፌ ጠፋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ጠይቄ አጣሁና አራተኛው ዘንድ አገኘሁ። ሻጩ አሥር መርፌ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «የስኳር መርፌ ነው» አለኝ። እሽጉ ንጹሕ ነው፣ መርፌው ቀጭን ነው፣ መስመሮቹና ቁጥሮቹም በቦታቸው አሉ። የኔዎቹ ክዳናቸው ብርቱካንማ ሲሆን የእነዚህ ግን ቀይ ነበር። ልዩነቱን አይቻለሁ፤ የሌላ ፋብሪካ ምርት መስሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። በዓይኔ ያየሁትን ነገር ሳልጠይቅ መሄዴን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልሁም።

የኔ መጠን ጠዋት 16፣ ማታ 8 ዩኒት ነው። ቅዳሜ ማታ በአዲሱ መርፌ 8 ቀዳሁና ተወጋሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላው በላብ ርሶ፣ ልቤ እየደለቀ ነቃሁ፤ የደም ስኳሬን ስለካ 54 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ነበር። ከ70 በታች የወረደ ሁሉ ዝቅተኛ ስለሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠጣሁና ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ። እራቴ ቀለል ያለ ስለነበር በዚያ አመካኘሁ። እሑድ ቁርስ በደንብ በልቼ 16 ወጋሁ፤ ቀትር ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ 52 ሆነ። አሁንም ስኳር ጠጣሁ። ማታ በራሴ ፈቃድ መድኃኒቱን በግማሽ ቀንሼ 4 ብቻ ወሰድሁ። ሰኞ ጠዋት 118 ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ያለፈ መሰለኝና 16 ወግቼ፣ እንጀራ በሽሮ በልቼ ሥራ ገባሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ የማስታውሰው ፊቴ ያለው የወረቀት ቁጥር እየተደራረበ መሄዱን ነው። የቀረውን የነገሩኝ ባልደረቦቼ ናቸው። ሲጠሩኝ አልመልስም ነበር፤ ከወንበሬም ወደቅሁ። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋ፤ ሌላዋ አፌን ከፍታ የለስላሳ መጠጥ ልታንቆረቁር ሞከረች። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ ሳንባ ሊገባና ሊያንቅ ስለሚችል አደገኛ ነው፤ እሷ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ሰባት ዓመት ሙሉ ሕመሜን ደብቄ፣ መርፌዬን መጸዳጃ ቤት ገብቼ እየወጋሁ ስሠራ ኖሬ ሳለ የማንን አለማወቅ እከሳለሁ? ባለቤታቸው ስኳር ያለባቸው የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ ናቸው ላቤን አይተው «ይህ ስኳር ነው፣ ባጃጅ ጥሩ» ያሉት።

ሐኪም ቤት ስደርስ 31 ነበር። በደም ሥሬ 40 በመቶ ግሉኮስ ሲሰጠኝ ዓይኔን ገለጥሁ። እስከዚህ ድረስ ላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ ሕይወቴን አትርፈዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ሐኪሙ በአንገቴ ላይ ማተብ አየ፣ ወቅቱ ፍልሰታ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። «መድኃኒት እየወሰድሽ ትጾሚያለሽ፣ ከዚያ ለኛ ትወድቂያለሽ» ብሎ በሰው ፊት ተቆጣኝ። እኔ የምጾመው ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ብቻ ነው፤ የነፍስ አባቴ ራሳቸው በሽተኛ ሰዓት አይጠብቅም ብለው ካዘዙኝ ቆይተዋል። ቁርስ መብላቴን ሁለት ጊዜ ነገርሁት፤ አላመነኝም። «መጠኑ ያው ነው፣ ምግብሽን አስተካክዪ» ብሎ አሥር ሰዓት ላይ ሸኘኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ስኳሬ ሦስት ጊዜ መውረዱን እየሰማ በምን እንደምወጋ የጠየቀኝ አልነበረም። ካርዴ ላይ ያለው 16 እና 8 የሚሉት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ።

ነገሩን የደረሰችበት ታናሽ እኅቴ ናት። ያን ማታ አላምንሽም ብላ መርፌውን ራሷ ልታዘጋጅልኝ ተነሣች። ያገለገሉ መርፌዎችን የማጠራቅምበት የውሃ ፕላስቲክ አጠገቧ ስለነበር በውስጡ የሞሉትን ብርቱካንማ ክዳኖች ከቀዩ ጋር አስተያየቻቸውና «እነዚህ ለምን 40 ይላሉ?» አለችኝ። ብልቃጡን አነሣሁ፤ በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይላል። ዕድሜዬን በሙሉ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ሒሳቡን ለመሥራት ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በብልቃጥ የሚመጣ ኢንሱሊን በአብዛኛው ከሁለት ጥንካሬዎች አንዱ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ያለውና 100 ዩኒት ያለው ለየራሳቸው የተሠራ መርፌ አላቸው። በባለ 40ው መርፌ ላይ እያንዳንዱ መስመር የሚይዘው ፈሳሽ በባለ 100ው ላይ ካለው ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። እንግዲህ 16 ብዬ የቀዳሁት 40 ዩኒት፣ 8 ያልሁት 20፣ ለጥንቃቄ ብዬ የቀነስሁት 4 ደግሞ 10 ዩኒት ነበር፤ ከመደበኛው የማታ መጠኔ እንኳ ይበልጣል። በተቃራኒው ባለ 40ውን መድኃኒት በባለ 100 መርፌ የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው ከሚገባው ከግማሽ ያነሰ ስለሆነ ስኳሩ እየወጣ ምክንያቱ ይጠፋዋል።

በማግሥቱ የቀሩትን መርፌዎች ይዤ ወደ ሻጩ ሄድሁ። «እኅቴ፣ ሁሉም የስኳር መርፌ ነው፤ ገዢው ነው ለይቶ መጠየቅ ያለበት» አለኝ። ገንዘቤን ሳይመልስ መርፌዎቹን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሸጣቸው ፈርቼ ይዣቸው ተመለስሁ።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። መርፌ በገዛችሁ ቁጥር በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር ከብልቃጡ ቁጥር ጋር እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ። የክዳኑ ቀለም ያመለክታል እንጂ ብቻውን አይበቃም። የሚገባው መርፌ ከጠፋ ባለ 40ውን በሒሳብ እያካፈላችሁ አትጠቀሙበት፤ በእንቅልፍ ልብ የሚሠራ ሒሳብ ይሳሳታል። መመሪያው ከኢንሱሊን መርፌ በቀር አትጠቀሙ ይላል፤ እኔ ግን የግድ ሲሆን በመቶኛ የተከፋፈለ ተራ የአንድ ሚሊ ሊትር መርፌ እመርጣለሁ፤ በእሱ ላይ 0.16 ሚሊ ሊትር ከባለ 100ው መድኃኒት 16 ዩኒት ነው። መጀመሪያ ነርስ ፊት ቀድታችሁ አሳዩ። ያለ ምክንያት ስኳራችሁ ሁለት ጊዜ ከወረደ ደግሞ ምግባችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት መርፌውንና ብልቃጡን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ባይጠይቋችሁም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።

ስለ ማስቀመጫውም አንድ ነገር ልጨምር። «ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት» የሚለው ምክር ላልተከፈተው ብልቃጥ ትክክል ነው፤ የተከፈተው ግን ከፍሪጅ ውጭ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ አንድ ወር ያህል ይቆያል። ከበረዶ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። የባሕር ዳር ሙቀት ሲበረታ እኔ የተከፈተውን የማኖረው በሁለት የሸክላ ማሰሮዎች ውስጥ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው ያለው አሸዋ በየቀኑ ውሃ ይጠጣል።

አሁን ቢሮዬ ውስጥ ሕመሜን የማያውቅ የለም፤ ስኳሩ በየትኛው መሳቢያ እንዳለም ሁሉም ያውቃሉ። በመስከረም ቀጠሮዬ ቀዩንና ብርቱካንማውን መርፌ ይዤ ገብቼ አዲሷን ሐኪም ካርዴ ላይ እንድትጨምርልኝ ለመንኋት። «16 እና 8 ዩኒት፣ በባለ 100 መርፌ» ብላ ጻፈችልኝ። ስወጣ ወረፋ ከሚጠብቁት የአንዲት እናት ካርድ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ቁጥሩ ብቻ ነበር የተጻፈው። አጠገባቸው ተቀምጬ መርፌያቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው።