«ቁርበትና ሥጋ አለበስኸኝ»፦ ልጄ ከሞት የተመለሰበት ሌሊት

የድንግል ማርያም ልጅ ስሙ የተመሰገነ ይሁን! ልጄ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ የሚባል፣ እምብዛም የማይገኝ የቆዳ ሕመም አለበት። ሲወለድ አንድ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቆዳ አልነበረውም። በነኩት ቁጥር ገላው ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። አንዱ «የፈላ ውሃ ነክቶት ነው» አለ፣ ሌላው «ቡዳ ነው»። እኔ በፈጣሪ ተቆጣሁ። ኢዮብን ቁርበትና ሥጋ ያለበስኸው ጌታ፣ የኔን ልጅ ለምን ሳታለብስ ሰደድከው አልኩት። ለወራት ጸሎት አፌ ላይ አልመጣ አለ።

ሕመሙ አራት ዓይነት ነው። ሲምፕሌክስ የሚባለው ቆዳው በላይኛው ንጣፍ ውስጥ ስለሚለያይ፣ ብዙ ጊዜ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ውሃ ይቋጥርና ያለ ጠባሳ ይድናል። ጃንክሽናል የሚለያየው የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ የሚገናኙበት ላይ ነው፤ ከባዱ ሕፃናትን ይቀጥፋል፣ ለቅሷቸውም ይጎረንናል። ኪንድለር ፀሐይ አይችልም። የኔ ልጅ ዲስትሮፊክ ነው፦ ኮላጅን 7 የሚባለው የቆዳ ማያያዣ ይጎድለዋል፤ ጠባሳ ይተዋል፣ ጥፍር ይጠፋል፣ ጣት ከጣት ይጣበቃል፣ ጉሮሮ ይጠብባል። ሁለታችንም ወላጆቹ ሳይታይብን ተሸክመነው ኖሯል፤ በየእርግዝናው የመድረሱ ዕድል 25 በመቶ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳን «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» የሚለው የጌታ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ማታ ነው፤ ሐኪም ቤት ነን። የልጄ ጀርባ መግል ይዞ ይሸታል፣ ትኩሳቱ ከ39 አልፏል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ጎዙ ከቁስሉ ተጣብቋል። አንዱ ሊስበው እጁን ሲዘረጋ ሲስተሯ «እንዳትነካው!» አለች። እመብርሃን ልጆችሽን ትባርክልሽ እህቴ! ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሟች፤ ጎዙ በራሱ እስኪንሸራተት አራሰችው። ደም ሥር ስትፈልግ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልላ ከላይ አሰረች፣ ቆዳውን ሳትፈትግ እየነካካች አጸዳች። መርፌውን በፕላስተር አልለጠፈችም፤ ፕላስተር ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳልና በፋሻ ጠመጠመችው። ውሃ የቋጠረውን በንጹሕ መርፌ ከታችኛው ጠርዙ በስታ አፈሰሰች፤ ካልፈሰሰ እየሰፋ ደህናውን ይገነጥላል። የላዩን ቆዳ ግን አልላጠችም፣ ለቁስሉ ክዳኑ ነው። አንቲባዮቲኩ በደም ሥሩ ገባ። ዶክተሩ «እስኪነጋ እንይ» ብሎ ዝም አለ።

እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ! ሌላ ቃል አልነበረኝም። ቆጣ ብዬ ያራቅሁትን አምላክ በዚያች ሌሊት በእንባ ጠራሁት። የልጄ እግር ቀዘቀዘ፤ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። የማኅሌቱ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሊነጋጋ ሲል ልጄ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ ውሃ» አለኝ። ሚካኤል ሆይ፣ ምን ብዬ ልንገርህ!

ጀርባው እስኪሽር ወራት አለፉ።

ሕመሙ ዛሬም አለ፤ ልጄም አለ። ሲያነሱት አንድ እጅ ከመቀመጫው፣ አንድ እጅ ከአንገቱ ሥር ነው፣ በብብቱ አይያዝም። ልብሱ ስፌቱ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ጣቶቹ ለየብቻ በቫዝሊን ጎዝ ይጠቀለላሉ። ምግቡ የላመና ለብ ያለ ነው። አልድን ያለ ቁስል ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ቶሎ ይታያል። ጠበል ቤት ያሉት አባታችንም እድሜ ይስጥልን፤ ጠበሉን ሳያሹ ቀስ ብለው ያፈሱለታል፣ መስቀሉን ገላው ላይ ሳያሳርፉ ይባርኩታል።

ወልደ ሚካኤል እያላችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።